«አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም!



በባሕር ዛፍ በተሸፈነው የእንጦጦ ተራራ ላይ የምትገኘው እንጦጦ ማርያም በታሪክ የምትታወቀው አጼ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1889 ዘውድ የጫኑባት በመሆኗ ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በሌላ ነገር ስሟ ተነሥቷል። ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው የተገኘባቸው ብዙ ወገኖች ጠበል ፍለጋ ወደዚያ ወጥተዋል፤ በአካባቢው ቤት ተከራይተው ለወራት የተቀመጡም ነበሩ። ከመካከላቸው መድኃኒታቸውን ጥለው የወጡ አልጠፉም።

ይህንን የምናነሣው የጎረቤታችንን እምነት ለመንቀፍ አይደለም። የቤተ ክርስቲያኒቱ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ምእመኖቻቸው ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። እነርሱ በቤታቸው መልስ ሰጥተዋል። ጥያቄያችን ለራሳችን ቤት ነው! በእኛስ ዘንድ «ሩቅያ ከተደረገልህ፣ ዘምዘም ከጠጣህ፣ ጥቁር አዝሙድ በማር ከወሰድክ ኪኒኑን ጣለው» የሚል የለምን? ይህንን ምክር የኢማን ጥንካሬ አድርጎ የሚያወራስ የለምን?

አንባቢ ሆይ! የእነዚህ መካሪዎች ትልቁ ማስረጃ አንዲት የላቦራቶሪ ወረቀት ናት። ለዓመታት መድኃኒቱን በአግባቡ ሲወስድ የኖረ ሰው የቫይረስ መጠኑ ይለካና «አልተገኘም» የሚል ውጤት ይመጣለታል። «እነሆ፣ ነጻ ወጣህ! ከእንግዲህ ኪኒን መዋጥ በአላህ አለመተማመን ነው» ይሉታል። እስቲ ወረቀቷ ምን እንደምትል እንመርምር።

በሰውነታችን ያሉት ሴሎች፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ ሁሉም አንድ ዓይነት የጂን መጽሐፍ ይዘዋል። የጉበት ሴልን ከዓይን ሴል የሚለየው ከመጽሐፉ ውስጥ የተከፈተው ገጽ ነው። ሁለት ሜትር ያህል የሚረዝመው የዘር ክር በፕሮቲን እንክብሎች ላይ ተጠቅልሎ በዓይን በማትታይ የሴል አስኳል ውስጥ ተቀምጧል። ጠብቆ የተጠቀለለው ጂን አይነበብም፤ የላላው ይነበባል።

ከነጭ የደም ሴሎች መካከል ሲዲ4 የሚባሉት የመከላከያው ሠራዊት አዛዦች ናቸው። ጀርም ሲገባ ነቅተው ይበዛሉ፤ ውጊያው ሲያበቃ አብዛኞቹ ይሞታሉ። ጥቂቶቹ ግን የጠላትን መልክ በትውስታ ይዘው ለዓመታት ያንቀላፋሉ። እንዳንቀላፉ ሳሉ ኤን ኤፍ ካፓ ቢ የተባለው የማንቂያ ፕሮቲን ከአስኳሉ ውጪ ታስሮ ይቆያል። ሴሉ ሲቀሰቀስ እስሩ ይፈታል፤ ፕሮቲኑም ወደ አስኳሉ ገብቶ ለውጊያ የሚያስፈልጉትን ጂኖች ያበራል።

የኤች.አይ.ቪ. ተንኮል እዚህ ላይ ነው። ዘጠኝ ጂኖች ብቻ ያሉት ይህ ቫይረስ የራሱን ጽሑፍ በሴሉ መጽሐፍ መሐል ይሰፋዋል። በጽሑፉ መጀመሪያም ለዚያው የማንቂያ ፕሮቲን መቀመጫ አዘጋጅቷል። ስለዚህ ሴሉ ሲተኛ እርሱም ይተኛል፤ ሴሉ ሲነቃ እርሱም ይነቃል። በተኛበት ጊዜ ምንም ስለማያመርት የሰውነት መከላከያ አያየውም። መድኃኒቱም የሚያግደው መባዛቱን ነውና የተኛውን አይነካውም። በደም ውስጥ የሚንሳፈፈውን ቫይረስ የሚቆጥረው ምርመራም አይደርስበትም። ወረቀቷ «አልተገኘም» ስትል እውነቷን ነው፤ «የለም» ግን አላለችም!

ተመራማሪዎች ይህንን የተኛ ክምችት መድኃኒታቸውን በደንብ በሚወስዱ ሰዎች ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1997 አረጋግጠዋል። ብዛቱ ከአንድ ሚሊዮን የተኙ ሲዲ4 ሴሎች አንዱ ያህል ነው። በግማሽ ለመቀነስ 44 ወር ገደማ ስለሚፈጅበት፣ በመድኃኒት ብቻ እስኪያልቅ ከ60 ዓመት በላይ እንደሚወስድ ተሰልቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ በሚሲሲፒ ግዛት የተወለደች አንዲት ሕፃን በተወለደች በ30 ሰዓት ውስጥ መድኃኒት ተጀመረላት፤ በ18 ወሯ ገደማ ተቋረጠ። ለ27 ወራት ያለ መድኃኒት ስትኖር ቫይረሱ በምርመራ ሳይታይ ቆየ። ዓለም ተፈወሰች ብሎ ተደሰተ። በ2014 ግን ቫይረሱ ተመለሰ! በአብዛኛው ሰው ላይማ መድኃኒቱ በተቋረጠ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይመለሳል።

«ግን እገሌ ካቆመ ወዲህ ወፍሯል፣ ቆሞ ይሄዳል» ይባል ይሆናል። አዎን፣ ይሄዳል። መድኃኒቱ ያነጻለት ሠራዊት በአንድ ቀን አይፈርስም። ቫይረሱ ያልታከመን ሰው አካል ለማዳከም ዓመታት ይፈጅበታል። ምስጋናው ግን ለጣለው ኪኒን ሳይሆን «ጣለው» ላለው ሰው ይሰጣል! እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ የሆነ፣ ከአምስት ሺህ በላይ ሰዎችን የያዘ ጥናት መድኃኒቱን እያቋረጡ መውሰድ ለሕመምና ለሞት የሚያጋልጥ መሆኑን አሳይቷል። በዓለም ላይ ተፈወሱ የተባሉት ጥቂቶች ከሞላ ጎደል በካንሰር ሳቢያ መቅኔያቸው የተለወጠላቸው ናቸው።

ወገኖቼ! ተወኩል ሰበብን መጣል ነው ያለን ማን ነው? መታከምን ያስተማሩን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አይደሉምን? ግመሉን አስሮ በአላህ መመካትን ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነው ትምህርት አይደለምን? ዱዓም ሩቅያም የበሽተኛን ልብ ያረጋጋሉ፤ ማንም አይከለክላቸውም። ኪኒኑ ግን የእነርሱ ባላንጣ አይደለም። ሰውን ሰበቡን አስጥሎ በአላህ ስም መፈወሱን ማወጅ ከባድ አማና መሸከም ነው። ያ ሰው ዳግም ሲወድቅ የሚያስታምሙት ባለቤቱና ልጆቹ ናቸው፤ መካሪው በዚያች ሌሊት አጠገቡ አይገኝም!

ስለዚህ በየቤታችን ይህንን እናድርግ። የታመመውን አንደብቅ፣ አናሸማቅቅ፤ ብዙውን ሰው ወደ ተራራው የሚሰደው የቤተሰቡ ፊት ነውና። መድኃኒቱ በሀገራችን ከጥር 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ይሰጣል፤ ለአብዛኛው ሰውም በቀን አንዴ የሚዋጥ ሆኗል። ሰዓቱን ከሶላት ጋር ብናያይዘው አይረሳም። ረመዳን ሲመጣ በኢፍጣር ወይም በሱሑር ለመዋጥ ከሐኪም ጋር እንመካከር፤ በራሳችን ግን አናቋርጥ። «አልተገኘም» የምትለውም ወረቀት ታላቅ ብሥራት ናት። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ በዚያ ውጤት የጸና ሰው በግንኙነት ቫይረሱን ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። ይህ ጸጋ ያለው ግን ኪኒኑ እስካለ ድረስ ነው።

ቁርዓን የሚቀራለት በሽተኛ በአንድ እጁ ኪኒኑን ቢይዝ ምን ይጎድልበታል? ኪኒኑን ቢጥል ግን ምን እንደሚጎድልበት አይተናል። አላህ ሕሙማኖቻችንን ያሽርልን፤ እኛንም ያለ ዕውቀት ከመናገር ይጠብቀን። አሚን!