በኬዝ ውይይት የሚሰጠን ማርክ ምኑን ይመዝናል?

ስምንት ወይም ዐሥር ሆነን አንድ ጠረጴዛ ከበን፣ የአንድ በሽተኛ ታሪክ በወረቀት ተሰጥቶን ከመምህራችን ጋር እየተወያየን መማራችን መልካም ነገር ነው። ይህን የምንጽፈውም ትምህርቱን ለመንቀፍ አይደለም፤ የምንነቅፈው ማርኩን ነው። ብሎኩ ሲያልቅ መምህሩ «ተሳትፎ» በሚል ርእስ ሥር አንድ ቁጥር ይጽፍልናል። ቁጥሩ ከምን እንደ መጣ ግን የሚነግረን የለም። በአንዱ ቡድን ሁሉም እኩል ያገኛል፤ በሌላው ቡድን ብዙ የተናገረ ብዙ ያገኛል።

በቡድን መማር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን በአንድ ቡድን አድርጎ ወደ ጤና ጣቢያ እየላከ ያሠለጥን ነበር። በኋላም የጅማው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ኅብረተሰቡን የትምህርቱ መሠረት አደረገ። ከባሕር ማዶ ደግሞ የካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1969 ሕክምናን ከመጀመሪያው ዓመት አንሥቶ በበሽተኛ ችግር ዙሪያ በትንንሽ ቡድን ማስተማር ጀመረ። በ2004 ዓ.ም. የሳይንስ ዲግሪ ያላቸውን ተቀብሎ ሐኪም የሚያደርገው አዲስ ፕሮግራም በአገራችን ሲከፈትም ዘዴው አብሮ ገባ። እንግዲህ አዲሱን ትምህርት ተቀብሎ በአሮጌ ሚዛን መመዘን፣ ጤፍን በክንድ እንደ መለካት ነው።

ነገሩ ለምን እንደሚያሳስበን ለመረዳት ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ቆሞ ማሰብ ይበቃል። ወደ ክልሉ የተመደበ አዲስ ሐኪም ከአዲስ አበባ በአየር ሲሄድ የሚወርደው በዚያ ነው። ለከፍተኛ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ የሚላክና የቲኬቱ ዋጋ የማይከብደው በሽተኛም የሚሳፈረው ከዚያው ነው፤ ዋጋው የሚከብደው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ይጓዛል። ማን ይላክ፣ ማን እዚያው ይታከም የሚለውን መወሰን በዚያ ወጣት ሐኪም ላይ ሊወድቅ ይችላል።

አንድ ምሳሌ እናቅርብ። ትኩሳት ያለበት፣ የሚያንቀጠቅጠውና ራሱን የሳተ ሕፃን ወደ ሐኪሙ ይመጣል እንበል። ደሙ ሲመረመር የወባ ተሕዋስያን ይገኙበታል። ነገሩ ያለቀ ይመስላል፤ ነገር ግን አላለቀም። ወባ በበዛበት ቆላ ተሕዋስያኑ በደማቸው እያሉ የማይታመሙ ሰዎች ስላሉ፣ ወባ መገኘቱ ብቻ ማጅራት ገትር አለመኖሩን አያረጋግጥም። የደሙ ስኳርም ወርዶ እንደ ሆነ ሳይዘገይ መታየት አለበት።

ይኸው ኬዝ በጠረጴዛችን ላይ ቢቀርብ አንዱ ባልንጀራችን የወባ መድኃኒቶችን በቃሉ ሩብ ሰዓት ይወርድላቸዋል። ሌላዋ አንድ ጊዜ ብቻ «ማጅራት ገትርም ቢኖርበትስ?» ብላ ትጠይቃለች። የዛሬው ቅጽ የሚሸልመው የመጀመሪያውን ነው፤ ሕፃኑን የምታድነው ግን ሁለተኛዋ ናት።

በዚህ ላይ የቋንቋ ነገር አለ። በቤቱ ኑዌርኛ ወይም አኙዋክኛ ሲናገር ያደገ ተማሪ፣ ከጓደኞቹ ጋር በአማርኛ እየኖረ፣ በውይይቱ ላይ በእንግሊዝኛ ይከራከር ይባላል። የሌላውም ክልል ልጅ እንዲሁ ነው። ዝም ያለው ሐሳብ አጥቶ ሳይሆን ሐሳቡን እየተረጐመ ሊሆን ይችላል። በሽተኛው አልጋ አጠገብ ሲቆም ግን የእናቲቱን ቃል ያለ አስተርጓሚ የሚሰማ እርሱ ነው። ለዚህ በቅጹ ላይ ቦታ የለውም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ የሚመዘነው ነገር በብሎኩ መጀመሪያ ቀን ተጽፎ ይሰጠን። ማስረጃ ያቀረበ፣ የሌላውን ሐሳብ ሰምቶ የራሱን ያረመ፣ «አላውቅም» ብሎ በሚቀጥለው ቀን መልሱን ይዞ የመጣ ይመስገን።

ሁለተኛ፣ በየሳምንቱ መጨረሻ መምህሩም ባልንጀሮቻችንም ጉድለታችንን ይንገሩን፤ ነገር ግን በዚያ ላይ ማርክ አይሰጥ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እያንዳንዱ ቃል በማርክ ከተመዘነ አለማወቁን የሚገልጥ ተማሪ አይኖርም። የባልንጀራ ማርክም ቢሆን ወዳጅነትና ቅያሜ ይገባበታል።

ሦስተኛ፣ ማርኩ ለየብቻ ከሚደረግ ፈተና ይምጣ። በማክማስተር የተጀመረ «ሦስት ዝላይ» የሚባል ፈተና አለ። ተማሪው አዲስ ኬዝ ተሰጥቶት የሚጠረጥረውንና የማያውቀውን ይናገራል፤ ቀጥሎ ያላወቀውን ሄዶ ያነባል፤ ከዚያ ተመልሶ ያገኘውንና ሐሳቡን የለወጠበትን ምክንያት ያስረዳል። ፈታኙም የራሱ ቡድን መምህር ባይሆን ይመረጣል።

መምህራኖቻችን ጥቂቶች እንደ ሆኑና ሥራቸው እንደሚበዛ እናውቃለን። ይህ ፈተና ለእያንዳንዱ ተማሪ የመምህር ሰዓት ይወስዳል፤ አንድ ፈታኝ የሰጠው ማርክም በአንድ ኬዝ ብቻ ሲሆን ዕድል ሊገባበት ይችላል። ስለዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በተለያዩ ፈታኞች ይጀመርና ይታይ። ይህንም አይሆንም የሚል መምህር ቢኖር የሚሻለውን በዚሁ ጋዜጣ ይጻፍልን፤ እኛም አንብበን እንመልሳለን። እስከዚያው ድረስ ግን በሚቀጥለው ብሎክ የመጀመሪያ ቀን፣ ውይይቱ ሳይጀመር፣ እያንዳንዱ ቡድን «በምን ትመዝኑናላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ።