“ድህነት” ብለን የሰቀልነው ሰው ማን ነው?

ለግቢያችን ተማሪዎችና ለመምህራኖቻችን፤

ባለፈው መንፈቅ ዓመት ፎቶግራፍ የምንማር ተማሪዎች በአዳራሹ የሦስት ቀን ትርኢት አድርገን ነበር። ብዙዎቻችሁ መጥታችሁ አይታችሁልናል፤ አመስግናችሁናልም። ከሁሉ ይልቅ የተመሰገነው በጣና ላይ በደንገል ታንኳ ተቀምጠው የሚቀዝፉ የአንድ አዛውንት ፎቶግራፍ ነበር። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከጎን የተነሣ ነው። ውኃው ወርቅ መስሏል፤ የአዛውንቱ ሸሚዝ ከትከሻው ተቀዷል፤ ከፊታቸው የሚታየው አንደኛው ወገን ብቻ ሲሆን እሱም ግማሹ በጥላ ተውጧል። ከግርጌው አንዲት ቃል ጽፈን ነበር፤ “ድህነት”።

በሁለተኛው ቀን አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እኅታችን ከፎቶግራፉ ፊት ቆማ ብዙ ቆየች። አድንቃው መስሎን ቀርበን “እንዴት አየሽው?” ብለን ጠየቅናት። “አባቴ ናቸው” አለችን። ጥቂት ዝም ብላም “ከዘጌ እንጨት እያመጡ ሸጠው ነው እኔን የሚያስተምሩኝ። ደንገል ላይ የክት ልብስ ለብሶ የሚቀመጥ ማን አለ? እባካችሁ አውርዱልኝ” አለች።

አላወረድንላትም። አንዱ “ኪነ ጥበብ ነው፤ ስለ አንድ ሰው አይደለም” አለ። ሌላው “ለውድድር ተመዝግቧል” አለ። ሦስተኛው “ፊታቸው በጥላ ስለሆነ ማን ያውቃቸዋል?” ብሎ ሊያጽናናት ሞከረ። ልጅቱ ሄደች፤ ፎቶግራፉ ትርኢቱ እስኪያልቅ እንደተሰቀለ ቆየ። ይህን የምንጽፈው እኛም በቦታው ቆመን ነበር፤ ዝም ብለንም ነበር። ስለዚህ አስቀድመን የምንወቅሰው ራሳችንን ነው።

ኋላ ግን ኅሊናችን እንቢ ስላለን የቅዳሜን ገበያ ጠብቀን ከእኅታችን ጋር ወደ ሐይቁ ዳር ወረድን። ፎቶግራፉን አትመን ለአባቷ ሰጠናቸው፤ ይቅርታም ጠየቅናቸው። አዛውንቱ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙረው ሲመለከቱ ቆዩና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን፤ “ጆንያዬስ የት ሄደ?” አሉ።

ተመልሰን ያልተቆረጠውን ፎቶግራፍ ከፍተን አየን። እውነታቸውን ነው። ከታንኳው በስተኋላ፣ እንጨቱን ሸጠው የሸመቱት አንድ ጆንያ እህል አለ። አጠገቡ አዲስ ጀሪካን ተቀምጧል። በስተቀኝ ደግሞ አንድ ጎልማሳ በሌላ ታንኳ እየቀዘፈ ይስቃል፤ ከአዛውንቱ ጋር ጨዋታ ይዘዋል። ይህን ሁሉ ቆርጠን ጥለነዋል። ለምን?

ተምረን ነዋ! በደሉ ካለማወቅ የመጣ አይደለም። ቅንብር የሚባለውን ትምህርት በሚገባ አጥንተናል። ፍሬሙን በሁለት የቁምና በሁለት የአግድም መሥመር ዘጠኝ ቦታ ከፍሎ ዋናውን ነገር መሥመሮቹ ከሚገናኙበት ላይ ማዋልን አውቀናል። ዓይንን የሚያባክነውን ነገር ከጠርዝ ማስወገድን አውቀናል። ከጎን የሚመጣ ብርሃን የፊትን መጨማደድና የልብስን ቅዳጅ እንደሚያጎላ አውቀናል። ሕጉን ሁሉ ጠብቀን ስንጨርስ በእጃችን የቀረው ሠርቶ አዳሪ ሰው ሳይሆን ምስኪን ሰው ሆነ። ዓይን ያባክናል ብለን የቆረጥነው የሰውየውን ድካምና የድካሙን ዋጋ ነበር።

እንግዲህ “ቅንብር ሌላ፣ ሥነ ምግባር ሌላ” የሚለን ማን ነው? በሥርዓተ ትምህርቱ ላይ ሁለት ምዕራፍ ሊሆኑ ይችላሉ። በሐይቁ ዳር ግን አንድ ናቸው። ጠርዙ ከየት ላይ ይዋል ብሎ የወሰነ እጅ ስለ ሰው ፍርድ ሰጥቷል።

ይህ የአንድ ፎቶግራፍ ነገር ብቻ ቢሆን ባልጻፍን ነበር። ጣናን እንዴት እንደምናነሣ ተመልከቱ። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ በሰሜንና በምሥራቅ በኩል ያለውን ዳርቻ እምቦጭ ሲወርረው የፎጋራና የደንብያ ባላገር በእጁ እየነቀለ ተሟግቷል። በየሆቴሉ ግድግዳ በሚሰቀለው ፎቶግራፍ ላይ ግን ሐይቁ እንደ መስተዋት የጠራ ነው። ጢስ ዓባይንም እንዲሁ። ውኃው ለኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ ፏፏቴው ይሳሳል፤ እኛ ግን በነሐሴ የተነሣውን ለጥር እንግዳ እናሳያለን። ደንገል አጭዶ ታንኳ በመሥራት የታወቁት የነገደ ወይጦ ወገኖቻችንም ከማንም በላይ ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ ከማንም ባነሰ ይጠየቃሉ። ለቀን መቁጠሪያ የሚሆነውን እናስገባለን፤ ለጥያቄ የሚሆነውን እንቆርጣለን።

አሁን ተቃዋሚዎቻችንን እንስማ። “ድኻን ማሳየት ለድኻ መቆም ነው፤ እናንተ ድህነትን ልትደብቁ ትፈልጋላችሁ” የሚሉን ወንድሞች አሉ። ክርክሩ ከባድ ስለሆነ በቀላሉ አናልፈውም። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ሕዝብ ሲያልቅ መንግሥት ነገሩን ሸፋፍኖ ይዞት ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው የረኀቡን ፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ፤ አዲስ አበባ በዩኒቨርሲቲው ግቢም ለተማሪ ታየ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ “ያልታወቀው ረኀብ” ብሎ የሠራው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ቀረበ። እነዚህን ፎቶግራፎች ባላነሡ ኖሮ የሚል ኢትዮጵያዊ ተማሪ የለም፤ እኛም አንልም።

ነገር ግን ታሪኩ በዚያ አላበቃም። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ ያንን ፊልም ከቤተ መንግሥቱ ድግስ ምስል ጋር እያገጣጠመ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። መውረዳቸው ተገቢ ነበር አልነበረም የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። የእኛ ጉዳይ ፊቱ ከምን ጋር እንደሚቀጠል የወሎን ገበሬ የጠየቀው አለመኖሩ ነው። ያው መንግሥት ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም.፣ የዐሥረኛውን ዓመት በዓል በከፍተኛ ወጪ ሲያከብር ሰሜኑ ዳግመኛ ተርቦ ነበር። በጥቅምት ወር ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን ከቢቢሲው ማይክል ቡርክ ጋር ኮረም ላይ የቀረጸው ምስል ዓለምን አስነሣ። ነፍስ አድኗል፤ ይህን የሚክድ የለም። ዳሩ ግን ዓለም ያያቸው ፊቶች አብዛኞቹ ስም አልነበራቸውም። ስም የሌለው ፊት ደግሞ የማንም መጠቀሚያ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን “ኢትዮጵያ” ሲባል በባዕድ አገር ሰው ዓይን የሚመጣው ያው ምስል ሆኖ ቀረ።

ስለዚህ በ1965ቱ ፎቶግራፍና በእኛ ፎቶግራፍ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው። እነዚያ የተሸሸገውን አወጡ፤ እኛ የሚታየውን ሸሸግን። እነዚያ ረኀቡን የደበቀውን ባለሥልጣን አጋለጡ፤ እኛ ያጋለጥነው ልጁን የሚያስተምር አባት ነው። ሁለቱን በአንድ ስም “ለድኻ መቆም” ብሎ መጥራት በወሎ ሙታን ስም መነገድ ነው።

ሁለተኞቹ ደግሞ “ካስፈቀድን ተፈጥሯዊነቱ ይጠፋል፤ ሰው ካሜራ ሲያይ ይደርቃል” ይሉናል። እውነት ነው፤ ይደርቃል። ግን ለስንት ደቂቃ? አስፈቅዶ፣ ተቀምጦ፣ ቡና እስኪፈላ ታግሦ የሚጠብቅ ሰው ካሜራው እንደተረሳ ያያል። የቸኮለ ደግሞ አንሥቶ ከጨረሰ በኋላ ሊያሳይና ሊጠይቅ ይችላል። እኛ የምንሸሸው የተፈጥሯዊነትን መጥፋት ሳይሆን “አይሆንም” የሚለውን መልስ ነው። ሩቁን የሚያቀርበው ሌንስ ለዚህ ምቹ ሆኖልናል። በሐይቁ ዳር ሽማግሌ ሲያልፍ ከተቀመጥንበት ብድግ እንላለን፤ አፋችን “አንቱ” ሲል ካሜራችን ግን “አንተ” ይላል።

ደግሞስ ሕጉ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ቁጥር 28 ልዩ ሁኔታዎችን ይዘረዝራል፤ ሰውየው ዝነኛ ወይም ባለሥልጣን ሲሆን፣ ለፍትሕ ሥራ ሲያስፈልግ፣ ለሳይንስ፣ ለባህልና ለትምህርት ጥቅም ሲውል፣ ወይም በአደባባይ ከተደረገ ነገር ጋር የተያያዘ ሲሆን። በቁጥር 29 ደግሞ ያለ አግባብ ፎቶግራፉ የታየበት ሰው ይቁምልኝ ሊል ይችላል። እኅታችን በአባቷ ስም የጠየቀችው ይህንኑ ነበር። “ለትምህርት ነው” ብለን በቁጥር 28 እንሹለክ ይሆን? ጠበቃ ይህን ይከራከርልን ይሆናል። ግን አንድን አባት “ድህነት” ብሎ መሰየም የትኛው ትምህርት ነው?

በመጨረሻ ይህን አመለካከት ከማን እንደወረስነው እንጠይቅ። የፎቶግራፍ ተማሪ የሚያድገው የሌላውን ሥራ እያየ ነው፤ ይህ ነውር የለበትም። ነውሩ የምናየው ሁለት ዓይነት ብቻ መሆኑ ነው። አንደኛው የርዳታ ጥሪ ፎቶግራፍ ነው፤ ሁለተኛው የጎብኚ ፖስት ካርድ ነው። በአንደኛው ወገናችን ይለምናል፤ በሁለተኛው ጌጥ ሆኖ ይቆማል። በሁለቱም አይናገርም።

ከአፍንጫችን ሥር ግን ሌላ ትምህርት ቤት አለ። የዘጌዋ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና የደቋ ናርጋ ሥላሴ ከታንኳ ጉዞ የሚርቁ አይደሉም። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ጻድቅ ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ክፉ ሰው ከጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላል። ማን ምን እንደሆነ እንዲታወቅም ሠዓሊው ስሙን ከአጠገቡ ይጽፋል። በናርጋ በ18ኛው መቶ ዓመት ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ወድቀው ተሥለዋል፤ ንግሥትም ብትሆን በቅንብሩ ውስጥ ቦታዋን ታውቃለች። በዚህ ሥርዓት ቢመዘን እኛ የባለታንኳውን አንድ ዓይን ብቻ አሳይተን፣ ስማቸውን ሳንጽፍ፣ ከሰቃልያን ወገን አሰልፈናቸዋል። ከጎን ማንሣት ኀጢአት ነው አንልም፤ ፎቶግራፍ የራሱ ሕግ አለው። የምንለው፣ የጥንቱ ሠዓሊ ሰውን በየትኛው ወገን እንደሚያሳይ ያስብበት ነበር፤ እኛ ግን ፀሐይዋ በየት በኩል እንደሆነች ብቻ አሰብን ነው።

ሌላም ውርስ አለን። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎች የነበሩትን አርመናውያኑን ቦያጂያኖችን፣ ከዚያም ወዲህ በየከተማው የተከፈቱትን ፎቶ ቤቶች አስቡ። ወደ ፎቶ ቤት የሚገባ ሰው በፈቃዱ ይገባል፤ የክት ልብሱን ይለብሳል፤ መቆሚያውን ይመርጣል፤ ፎቶግራፉንም ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የየቤታችን ግድግዳ ላይ ያሉት አያቶቻችን እንዲያ ሆነው የቀሩ ናቸው። በእኛም ዘመን አይዳ ሙሉነህ በ2003 ዓ.ም. የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት አፍሪካውያን ፎቶግራፍ አንሺዎች ስለ ራሳቸው የሚናገሩበት መድረክ ሆኗል። ዐርአያ አጣን የምንል ከሆነ ያላየን እኛ ነን።

ወቅሶ ብቻ መሄድ ስለማይገባ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ የሚከተለውን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ባለቤቱ ሳይፈቅድ የማንም ሰው ፎቶግራፍ በግቢያችን ትርኢት ላይ አይሰቀል፤ የተሸሸገ በደልን የሚያጋልጥ ከሆነ ግን ጉዳዩ በግልጽ ተመክሮበት ይወሰን።

ሁለተኛ፣ ባለቤቱ ከፈቀደ ስሙና ሥራው ከግርጌው ይጻፍ፤ “ድህነት”፣ “ትዕግሥት”፣ “የጊዜ ጠባሳ” እያልን ሰውን ወደ ቃል መለወጥ ይቅር።

ሦስተኛ፣ ተቆርጦ የሚቀርብ ፎቶግራፍ ያልተቆረጠው አብሮት ለመምህሩና ለጓደኞች ይታይ፤ ምን እንደተጣለ እንወያይ።

አራተኛ፣ የተነሣው ሰው አንድ ታትሞ የወጣ ፎቶግራፍ ይሰጠው። ውኃ ዳር ወርዶ መስጠት ለሚከብደን፣ ውኃ ዳር ወርዶ ማንሣት አልከበደንም ነበር።

አምስተኛ፣ የባለታንኳው ፎቶግራፍ ከውድድሩ ይውጣ፤ እኅታችንን በትርኢቱ ተሳታፊዎች ሁሉ ስም ይቅርታ እንጠይቃት። ይህን ያለ ስብሰባ ውሳኔም ልናደርገው የሚገባ ነው።

መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። ስለ ቅንብር በምታስተምሩን ዕለት ስለ ፈቃድም አስተምሩን፤ ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት። የእጅ ስልክ የያዘ ሁሉ ፎቶግራፍ አንሺ በሆነበት በዚህ ዘመን ይህ የእኛ ክፍል ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የሚቃወመን ካለ በዚሁ ጋዜጣ ይጻፍልን፤ እንመልሳለን። ከመጻፉ በፊት ግን አንድ ቅዳሜ ወደ ሐይቁ ዳር ወርዶ፣ ካሜራውን በቦርሳው ትቶ፣ ከባለታንኮቹ ጋር ይቀመጥ።

ፎቶግራፍ ከምንማር ተማሪዎች
ባሕር ዳር