አቤቱታ ልመና አይደለም

ከዓመታት በፊት በአንድ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎችን የውጤት ቅሬታ በሚመረምር ኮሚቴ ውስጥ አባል ነበርኩ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከቀረቡልን ማመልከቻዎች መካከል በእጅ የተጻፈ አራት ገጽ ተገኘ። ጸሐፊው ከገጠር የመጣ፣ በውጤት ማነስ ሊሰናበት የደረሰ ተማሪ ነው። የአባቱን ሞት፣ የእናቱን ሕመም፣ ታናናሾቹ እርሱን ተስፋ አድርገው መቀመጣቸውን አንድ በአንድ ዘርዝሯል። «ክቡራን አባቶቼ፣ እግራችሁ ሥር ወድቄ እማጸናችኋለሁ» ይላል። አንዱ ባልደረባችን ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ «ይህስ ለነፍስ አባቱ ነበር የሚነገረው» ብሎ አስቀመጠው። ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ። ከዚያም «አሳማኝ ምክንያት አልቀረበም» በሚል ውሳኔ ላይ ፈረምን።

ለካስ በአራተኛው ገጽ ግርጌ አንዲት ዐረፍተ ነገር ነበረች፤ «ከመቶ 30 የሚይዘው የአጋማሽ ፈተና ውጤቴ አልተደመረልኝም» የምትል። ማናችንም አላነበብናትም። ስሕተቱ የታወቀው የትምህርት ክፍሉ የውጤት ወረቀቶችን ለሌላ ጉዳይ ሲያገላብጥ ነው። ልጁ ግን በዚያ መካከል ተሰናብቶ አንድ ዓመት ባክኖበታል።

ጥፋተኛው ማን ነው? ያለ ማወላወል ልናገር፤ ጥፋተኞቹ እኛ ነን። የቀረበለትን ወረቀት እስከ መጨረሻው ማንበብ የሹም ግዴታ እንጂ ችሮታ አይደለም። ነገር ግን ሌላ ጥያቄ አለ። ያ ብላቴና እውነቱን በአራተኛው ገጽ ግርጌ፣ ልመናውን በመጀመሪያው ገጽ ራስጌ እንዲያኖር ማን አስተማረው?

ያስተማረው ታሪካችን ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 63 ለማንኛውም ሰው አቤቱታ የማቅረብ መብት ሲሰጥ አቤት የሚባለው ለንጉሠ ነገሥቱ ነበር። ሰው ወረቀቱን ይዞ በጃንሆይ መንገድ ዳር ይቆማል፤ መኪናው ከቆመለት ዕድለኛ ነው። ፍትሕ ከእጅ የሚወርድ ጸጋ በሆነበት ዘመን በልመና ቋንቋ መጻፍ ብልኅነት ነበር። ዛሬ ግን የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 30 አቤቱታ ማቅረብን ከመሰብሰብና ከሰላማዊ ሰልፍ ነፃነት ጋር አጣምሮ መብት ብሎታል። ሕጉ ተለወጠ፤ ደብዳቤያችን ግን እስከ ዛሬ እንደ ተንበረከከ ነው።

«መብትን በድፍረት መጠየቅ የፈረንጅ ባሕርይ ነው» የሚሉኝ አሉ። ተሳስተዋል! ጋቢ የለበሰ ገበሬ ጉልበተኛውን «በሕግ አምላክ!» ብሎ ባለበት የሚያቆምባት አገር ይህቺ አይደለችምን? በበላ ልበልሃ ሙግትስ ቢሆን ተሟጋቹ ዋስ ጠርቶ፣ ምስክር ቆጥሮ፣ ነገሩን አጥብቆ ይረታ ነበር እንጂ ድህነቱን እያነሣ አያለቅስም ነበር። ከአባቶቻችን የወረስነው ሁለት ቋንቋ ነው፤ የደጅ ጥናትና የሙግት። እኛ የመረጥነው የደጅ ጥናቱን ነው።

እንግዲህ የሙግቱ ቋንቋ በወረቀት ላይ ምን ይመስላል? በመጀመሪያ «ለሚመለከተው ሁሉ» አይልም። የሚወስነውን ክፍል ለይቶ ይጠራል። «ጉዳዩ» ከሚለው ቀጥሎ የሚፈለገው ነገር በአንድ መስመር ይሰፍራል። ከዚያ ፍሬ ነገሩ ይከተላል፤ ምን ተፈጸመ፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ቢሮ፣ በስንት ቁጥር ደብዳቤ። «ባለጉዳይ ታንገላታላችሁ» የሚለው ቃል ማንንም አያስደነግጥም። «መጋቢት 4፣ 11 እና 18 ቀን ቀርቤ ሦስቱንም ጊዜ ፋይሉ አልተገኘም ተብያለሁ» የሚለው ግን መልስ ይፈልጋል። ማስረጃው ገጹ ተቆጥሮ ይያያዛል። መጨረሻ ላይ የሚጠየቀው መፍትሔና መልሱ የሚጠበቅበት ቀን በግልጽ ይጻፋል። ይህ ሁሉ ከአንድ ገጽ አያልፍም።

ስድብ ደግሞ ለሹሙ የሚሰጥ ስጦታ ነው። «ሌቦች» ብላችሁ ከጻፋችሁ ስለ ፋይሉ መጥፋት ሳይሆን ስለ ክብሩ መነካት ይወያያል። ግልባጭ ለዐሥር መሥሪያ ቤት መበተንም እንዲሁ ነው፤ እያንዳንዱ ሌላው ይመልሳል ብሎ ዝም ይላል።

ከሁሉም በላይ ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ያዙ። አንዱን መዝገብ ቤት ሰጥታችሁ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርጉ። ያለ ቁጥር የገባ አቤቱታ አልገባም ቢባል በምን ትከራከራላችሁ? መልሱንም በጽሑፍ ጠይቁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 የአስተዳደር ውሳኔ በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ያዛል፤ ወደ ፍርድ ቤት የሚወስደውንም በር ከፍቷል። የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም አለ። በየትኛውም በር ስትገቡ ግን አስቀድሞ የምትጠየቁት «እዚያው አመልክተሃል ወይ? ማስረጃህስ?» የሚለውን ነው። «አይቻልም» ተብሎ በመስኮት የተነገረ ቃል ይግባኝ የለውም፤ ተጽፎ የተፈረመ «አይቻልም» ግን አለው።

«አንተ መምህር ስለሆንህ በወረቀት ታምናለህ፤ በዚህ አገር ጉዳይ የሚያልቀው በስልክ ነው» የሚሉኝ ወዳጆች አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ዘመድ ያለው ይደውላል። ዘመድ የሌለውስ? እርሱ ካልጻፈ ምን ሊያደርግ ነው? እናንተ በደወላችሁ ቁጥር እኮ የእርሱ ፋይል ወደ ታች ይወርዳል። ደብዳቤ ሁልጊዜ ያሸንፋል አልልም። ጉቦን አያስቀርም፣ ፈሪ ሹምን አያደፋፍርም። ነገር ግን ዱካ ይተዋል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ዛሬ ያልሰማ ሹም ነገ ሲጠየቅ «አላውቅም ነበር» የሚልበትን አፍ የሚዘጋው ያቺ የገቢ ቁጥር ናት።

ስለዚህ የተማርን ነን የምንል ሁሉ ዕዳ አለብን። በየፍርድ ቤቱ ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግተው ለማይጽፈው ወገን የሚጽፉት ራፖር ጸሐፊዎች የቻሉትን ያደርጋሉ። እኛ ግን ለጎረቤታችን አንዲት ገጽ ጽፈን እናውቃለን? ተማሪዎቻችን ጥናታዊ ጽሑፍ እንዲያዘጋጁ ለወራት እናስጨንቃለን፤ የተነጠቁትን መብት በአንድ ገጽ እንዲጠይቁ ግን አንድ ሰዓት አናስተምርም።

የዚያ ልጅ ደብዳቤ ይህን ያህል ብቻ መሆን ይችል ነበር፤ «ከመቶ 30 የሚይዘው የአጋማሽ ፈተና ውጤቴ ከድምሩ ውስጥ አልገባም። የታረመው የፈተና ወረቀት ቅጂ ተያይዟል። ውጤቴ እንደገና ተደምሮ እስከ መጪው ዓርብ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።» ሦስት ዐረፍተ ነገር። እግር ሥር መውደቅ የለበትም፤ የአባቱም ሞት ለማያውቃቸው ሰዎች ሳቅ አይዳረግም ነበር።

እርሱ ይህን እንዲጽፍ አላስተማርነውም። እኔም አራተኛውን ገጽ አላነበብኩም። አንዱ ጥፋት ሌላውን አያጥበውም፤ ሁለቱም የእኔ ናቸውና።