በጅረት ማዶ የቀሩ ጎረቤቶች

ከአንባቢዎቻችን መካከል በአጥር ላይ ተንጠራርታ «ቡና ደርሷል፣ ነይ!» ብላ ጎረቤቷን ያልጠራች እናት የምትገኝ አይመስለንም። ዛሬ የምናነሣት መንደር ግን ለጎረቤት እጅ ማውለብለብ እንኳ የተከለከለበትን ዘመን ያየች ናት።

መንደሪቱ በጀርመን አገር የምትገኘው ሞድላሮይት ናት። ነዋሪዎቿ ሃምሳ ያህል ቢሆኑ ነው፤ ከእኛ ከተማ የአንድ እድር አባላትን ቁጥር እንኳ አይሞሉም። በመካከሏ ታንባኽ የሚባል ጠባብ ጅረት ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1810 በዚህ ጅረት ዳር የድንበር ድንጋይ ተተክሎ፣ ወዲህ ያለው የባቫሪያ ንጉሥ፣ ወዲያ ያለው የሮይስ መሳፍንት ግዛት ተባለ። የሮይስ ወገን በኋላ ቱሪንጊያ ከሚባለው ክፍለ ሀገር ጋር ተቀላቅሏል።

ይሁን እንጂ ወሰኑ ለመንደሩ ሰው የወረቀት ጉዳይ ነበር። ትምህርት ቤቱና መጠጥ ቤቱ በቱሪንጊያ በኩል ነበሩ፤ ለጸሎት ደግሞ ሰዉ በባቫሪያ ወዳለችው ቶፐን ይሄድ ነበር። ልጅ ደብተሩን ይዞ ጅረቱን ሲሻገር የጠየቀው አልነበረም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ያው ጅረት የአሜሪካና የሶቪየት ጦር የያዟቸው ክልሎች ወሰን፣ ከ1949 ወዲህም የሁለት መንግሥታት ድንበር ሆነ። በግንቦት 1952 የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ድንበሩን ዘጋ። በድንበሩ ሁሉ አይታመኑም የተባሉ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከነልጆቻቸው ከቤታቸው ተነቅለው ወደ መሐል አገር ተወሰዱ። በሞድላሮይት በመጀመሪያ የሳንቃ አጥር ቆመ፤ በ1966 ደግሞ 700 ሜትር የሚረዝም፣ ቁመቱ ከ3 ሜትር የሚበልጥ የሲሚንቶ ግንብ ተሠራ። አሜሪካውያን «ትንሿ በርሊን» አሏት።

በምዕራብ በኩል ያለው ሰው እስከ ጅረቱ ቀርቦ ማዶውን ማየት፣ እጁንም ማውለብለብ ይችላል። በምሥራቅ በኩል ያለው ግን አጸፋውን መመለስ ክልክል ነበር። እስቲ አስቡት፤ እህትሽ ከማዶ እጇን ስታነሣ እያየሽ፣ እንዳላየ ሰው ልብስሽን አስጥተሽ ወደ ቤት መግባት! ያልመለሰችው ስለ ጠላች አለመሆኑን ማዶ ያለችው ታውቃለች፤ ቢሆንም መቼም የሰው ልብ ነውና ሳይከፋት አይቀርም። ከግንብና ከጠባቂ ይልቅ ይህ ነው ለእኛ የከበደን።

የበርሊን ግንብ ኅዳር 9 ቀን 1989 ሲከፈት ሞድላሮይት አንድ ወር ጠበቀች። ታኅሣሥ 9 ቀን (ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ለእግረኛ መተላለፊያ ተከፈተላት፤ ሰኔ 17 ቀን 1990 ግንቡ በቡልዶዘር ፈረሰ። ጥቂቱ ብቻ ለመታሰቢያ ቀርቶ ቤተ መዘክር ሆኗል።

ጅረቱ ዛሬም የባቫሪያና የቱሪንጊያ ወሰን ነው። ለሃምሳ ሰው ሁለት ከንቲባ፣ ሁለት የፖስታ ቁጥር አለ። ሰላምታቸውም ይለያያል፤ ባቫሪያዎቹ በእግዚአብሔር ስም ሰላም ሲሉ፣ ማዶዎቹ «መልካም ቀን» ይላሉ። ያም ሆነ ይህ፣ አሁን ሰላም የተባለ ሁሉ አጸፋውን ይመልሳል።