ጣቢያው ከተማ ይግባ
ለአዲሱ የቢሾፍቱ ኤርፖርት የባቡር መስመር ነዳፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጥር 2 ቀን 2018 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ በተባለው ሥፍራ የአዲሱ ዓለም አቀፍ ኤርፖርት ግንባታ በይፋ ሲጀመር፣ አብሮ የተነገረው ፈጣን ባቡር የአዲስ አበባውን ቦሌ ኤርፖርት ከአዲሱ ኤርፖርት የሚያገናኝ መሆኑ፣ ከቢሾፍቱ ወዲያ በዚያው አቅጣጫ የሚገኙት የሞጆና የአዳማ ስም ግን ጎልቶ አለመሰማቱ ለዚህ ደብዳቤ ምክንያት ሆኗል። ደብዳቤው የሚመለከተው የኢትዮጵያ አየር መንገድን፣ የባቡር ዘርፉን መሥሪያ ቤቶችና መሐንዲሶቹን ሲሆን፣ የነገሩን ታሪክ እነርሱ ከማንም በላይ ስለሚያውቁት ከሥር ከመሠረቱ መተረክ አያስፈልግም።

የሚገባውን ምስጋና መንፈግ ነውር ነው። ከሰበታ እስከ አዳማ ጥንድ ሐዲድ ያለው፣ ማለትም ባቡሮች ሳይጠባበቁ በሁለቱም አቅጣጫ የሚተላለፉበት፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ፣ ቀድሞ በቻይና ኩባንያዎች ይመራ የነበረው ሥራ በ2016 ዓ.ም. በባለቤቶቹ በኢትዮጵያና በጅቡቲ እጅ መግባቱ ቀላል ነገር አይደለም። ምስጋናው እዚህ ላይ ያበቃል።

በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው አሮጌው ምድር ባቡር ሐዲዱ አንድ ሜትር ብቻ ስፋት የነበረውና ዝግተኛ ቢሆንም፣ መንገደኛውን የሚያወርደው ከተማ ውስጥ ነበር። ለገሃር የሚለው ስም ጣቢያ የሚል ትርጉም ካለው የፈረንሳይኛ ቃል መጥቶ የመሀል አዲስ አበባ ሰፈር መጠሪያ እስከ መሆን የደረሰውም፣ ናዝሬት፣ የዛሬዋ አዳማ፣ በጣቢያዋ ዙሪያ ገበያዋን፣ ጋሪዋንና ሆቴሏን አሰልፋ ያደገችውም ጣቢያና ከተማ ስላልተለያዩ ነው። ሰፊውና ዘመናዊው ሐዲድ ሲመጣ ግን ጣቢያዎቹ ከከተማ ሸሹ፤ የአዲስ አበባው በደቡብ ምዕራብ ጫፍ ፉሪ ለቡ ላይ፣ የአዳማውም ከመሀል ከተማው ርቆ ተተከለ። በዚህም የተነሣ የአዳማ ሰው በባጃጅ ወደ ጣቢያ ወጥቶ፣ ባቡር ይዞ፣ ለቡ ሲደርስ ደግሞ ታክሲ መፈለግ ስላለበት፣ ባቡሩ በሐዲድ ላይ ያተረፈለትን ጊዜ ሁለቱ ጫፎች ይበሉበታል፤ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝመው የፍጥነት መንገድ የሚበረው ሚኒባስ ቢያሸንፍ አያስገርምም።

መስመሩ በዋናነት ለጭነት የታሰበ መሆኑ፣ የከተማ ዳር መሬትም ርካሽ መሆኑ እንደ ማስተባበያ ሊቀርብ ይችላል። ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ማለትም ከባሕር ርቆ የገቢና የወጪ ዕቃ የሚስተናገድበት ግቢ፣ የሚራገፍ ኮንቴይነር ከከተማ ቢርቅ አይታክተውም፤ ሻንጣ በእጇ፣ ሕፃን በጀርባዋ ያለች እናት ግን ኮንቴይነር አይደለችም። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርም ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ ሲመላለስ፣ ቦሌ ኤርፖርትም ለቡም ስለማይደርስ ይህን ክፍተት አይሞላም።

አዲሱ ዕቅድ ይህንኑ ስሕተት በፈጣን ባቡር እንዳይደግም ያሰጋል። ከቦሌ ወደ አቡሴራ የሚሄድ ባቡር ከኤርፖርት ወደ ኤርፖርት የሚሄድ ባቡር ነውና፣ አዲስ አበባ ውስጥ የመሳለሚያ ሰፈሩ መንገደኛ አስቀድሞ በታክሲ ቦሌ ይደርስ ዘንድ ግድ ይለዋል፤ የአዳማው ደግሞ ሐዲድ በደጁ እያለፈ በመኪና ይሄዳል። በኳላ ላምፑር ኤርፖርቱ ከከተማው 57 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቅም፣ ባቡሩ ከመሀል ከተማው ዋና ጣቢያ ተነሥቶ በ28 ደቂቃ ይደርሳል፤ በዚያው ሐዲድ ላይ የሚሄድ ሌላ ባቡር ደግሞ በመሀል ካሉት ከተሞች መንገደኛ እያነሣ ያልፋል። በ1975 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተከፈተው የሞንትሪያሉ ሚራቤል በአንጻሩ ተስፋ የተጣለበት ፈጣን ባቡር ሳይመጣለት ቀርቶ፣ ከሌሎች ምክንያቶች ጋር ተደምሮ፣ በ2004 የመንገደኞች በረራ አቁሟል። በመጀመሪያው ምዕራፍ 60 ሚሊዮን፣ ሲጠናቀቅ 110 ሚሊዮን መንገደኛ በዓመት ለማስተናገድ የታቀደ ኤርፖርት ይህን ታሪክ ማጥናት አለበት።

ችግሩ በእርግጥ ከአንድ መስመር ይሰፋል። አየር መንገዱ፣ ባቡሩ፣ የመንገድ መሥሪያ ቤቱና ከተሞቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ካርታ ይሥላሉ፤ ስኬት የሚቆጠረው በተዘረጋ ኪሎ ሜትር እንጂ በደረሰ ሰው አይደለም። የለገሃር ሰፊ መሬት የመኖሪያና የንግድ ሕንፃ ሥፍራ ሲሆን አዲስ ማዕከላዊ ጣቢያ የት ሊቆም ነው የሚለው ጥያቄ የሚገባውን ያህል አልተነሣም። ከሞጆ በሻሸመኔ ወደ ደቡብ ሊሄድ የታሰበው ሐዲድም ገና ወረቀት ላይ ስለሆነ፣ መቂና ባቱ ስለ ጣቢያ ሥፍራ ለመከራከር እንኳ አልታደሉም።

ከዕቅድ አውጪዎቹ የሚጠበቀው ከሐዲዱ በፊት የጣቢያዎቹን ሥፍራ ለሕዝብ ይፋ ማድረግ፣ መስመሩን በአንድ በኩል እስከ መሀል አዲስ አበባ፣ በሌላ በኩል ካለው ጥንድ ሐዲድ ጋር አያይዞ እስከ አዳማ ማድረስ፣ የአዳማውንም ጣቢያ ቢያንስ ከመናኸሪያው ጋር ጊዜውን በጠበቀ አውቶቡስ ማገናኘት ነው። የሐዲዱ መሐንዲሶች ውሳኔያቸውን ከማጽደቃቸው በፊት አንድ ጊዜ ሻንጣ ይዘው ከአዳማ መሀል ገበያ እስከ አዲሱ ጣቢያ በባጃጅ ቢሄዱና ሰዓታቸውን ቢመለከቱ፣ ይህ ደብዳቤ ያላስረዳቸውን መንገዱ ያስረዳቸዋል።