ቦሎ ፍሬን አይዝም

ዛሬ ከጨለለቅቱ የመጣች ደብዳቤ ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። ጸሐፊው ወጣት የባጃጅ ነጂ ነው። ባጃጇን ከእጮኛው ጋር በዕቁብ ብር ነው የገዟት። እንዲህ ይላል፦

«የዓመቱ ቴክኒክ ምርመራ ደረሰብኝ። ሥራ ፈትቼ እውላለሁ፣ ሰበብ እየፈለጉ ያመላልሱኛል፣ ደህናውን ፈታተው ያበላሹብኛል። አንድ ደላላ ደግሞ ‹ሊብሬውን ብቻ ስጠኝ፤ ባጃጇ ሳትንቀሳቀስ ቦሎውን አመጣልሃለሁ› አለኝ። እጮኛዬ ይህን ስትሰማ ‹እንዲያ ካደረግህ እግሬ ባጃጇን አይረግጥም› ብላ አኩርፋለች። ማናችን ነን ትክክል?»

ወንድሜ፣ ቁርጡን ልንገርህ፤ እሷ ናት።

ቅሬታህ ግን ከንቱ ነው አልልም። አሜሪካ ውስጥ ትንንሽ የግል አውሮፕላን ያላቸው ሰዎች እንኳ የሚያነሡት ይህንኑ ነው። እዚያ ሕጉ አውሮፕላንህን በየ12 ወሩ አስመርምር ይላል። በክፍያ ሰው የምታሳፍር ከሆነች ደግሞ በየ100 የበረራ ሰዓቱም ትታያለች። ባለንብረቶቹ ወጪው ያማርራቸዋል፤ «ደህናውን ነካክተው ያበላሹታል» ይላሉ። ውሸታቸውን አይደለም፤ ተፈቶ የተገጠመ ነገር አንዳንዴ ሳይጠብቅ ይቀራል። ብልሆቹ ግን ምርመራውን አይሸሹም። ሲፈታ አጠገቡ ይቆማሉ፤ ከተገጠመ በኋላም መጀመሪያ ሰው ሳይጭኑ ይሞክሩታል።

አንተም እንዲሁ አድርግ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 681 ተሽከርካሪ በየዓመቱ እንዲመረመር ያዘዘው ለመስታወት ጌጥ አይደለም። የባጃጅህ ፍሬን በዘይት ግፊት ነው የሚሠራው። የፍሬን ዘይት ውሎ ሲያድር ከአየሩ እርጥበት ይስባል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ያ እርጥበት ይፈላና እንፋሎት ይሆናል፤ ያኔ ፔዳሉን ብትረግጠው ባዶውን ይወርዳል። የጌዴኦን ቁልቁለትና ዝናብ ለአንተ አልነግርህም። ባጃጅ የተሠራችው ለነጂውና ለ3 ተሳፋሪ ነው፤ በቡና ለቀማ ሰሞን ስንት ሰው እንደምትጭን ደግሞ አንተው ታውቃለህ።

እንግዲህ ምክሬ ይኸው። ከምርመራው ሳምንት ቀደም ብለህ የምታምነው መካኒክ ጋ ሂድ። የፍሬን ሸራውንና ዘይቱን፣ የመሪውን መላወስ፣ የጎማውን ጥርስ፣ ፍሬቻውንና የኋላ መብራቱን አሳየው። ጊዜው ከፈቀደልህ ቡናው ሳይደርስና ገበያው ሳይደራ ጨርሰው። ምርመራው ላይ «ወድቃለች» ካሉህ ምን እንደጎደለ በጽሑፍ ይስጡህ፤ ያንኑ አስተካክለህ ተመለስ። ለከፈልከው ሁሉ ደረሰኝ ተቀበል። ያለ ደረሰኝ ከጠየቁህ ለኃላፊው አመልክት።

ደላላው የሚያመጣልህ ቦሎ ትራፊኩን ያሳልፍህ ይሆናል። ቁልቁለቱን ግን አያሳልፍህም።

እጮኛህም ያኮረፈችው በወረቀቱ አይመስለኝም። ነገ ልጅ ታቅፋ ከኋላህ የምትቀመጠው እሷ ናት። የማታውቀውን ሰው ሕይወት እንዴት እንደምትይዝ አይታ የእሷን ትገምታለች፤ ትፈረዳለች እንዴ? ስለዚህ ዛሬውኑ ሄደህ «ምርመራውን አብረን እንውሰዳት» በላት። በሁለታችሁ ዕቁብ አይደል የተገዛችው?

ደህና ሰንብት፤ ውጤቱን ጻፍልኝ።