«ሀ፣ ለ፣ ሐ» በእጅ እስከ መቼ?

ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ተጂ፤ የትኛውም ከተማ ብትገቡ ፍርድ ቤት ወይም የወረዳ ጽሕፈት ቤት አጠገብ «ኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» የሚል ቤት አታጡም። አቤቱታው፣ ውሉ፣ የእድሩ ደንብ፣ የጨረታው ሰነድ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ ሁሉም እዚያ ነው የሚወለደው። ዛሬ የማወራው እዚያ ቤት ውስጥ በከንቱ ስለሚያልቀው ጊዜና ገንዘብ ነው። ምክንያቱ ሲታይ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ተራ ቁጥር።

«ተራ ቁጥር ደግሞ ምን ያስጽፋል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እስቲ አንድ የእድር መተዳደሪያ ደንብ እናስብ። 32 አንቀጾች አሉት እንበል። አንቀጽ 13 ስብሰባ ስለቀረ አባል ቅጣት ይናገራል፤ አንቀጽ 14 ደግሞ አባል ሲሞት ለቤተሰቡ ስለሚከፈለው ገንዘብ። ወደ ታች ወረድ ብሎ አንቀጽ 27 ላይ «በአንቀጽ 14 የተመለከተው ክፍያ በሦስት ቀን ውስጥ ይፈጸማል» ተብሎ ተጽፏል። ጠቅላላ ጉባኤው አንድ አዲስ አንቀጽ ሰባተኛ ላይ እንዲገባ ወሰነ። የእድሩ ዳኛ ወረቀቱን ይዘው ጽሕፈት ቤት ይሄዳሉ።

«ልጄ፣ ይቺን አንቀጽ እዚህ ጋ አስገቢልኝ።»

«እሺ አባባ፣ ግን ከሥር ያለውን ቁጥር ሁሉ መቀየር አለብኝ፤ ትንሽ ይቆያል።»

ትቀይራለች። 7 የነበረው 8 ይሆናል፣ 13 የነበረው 14፣ እያለ እስከ 33። በየአንቀጹ መሀል የተሸጎጠውን «በአንቀጽ 14 የተመለከተው» የሚለውን ግን ማን ያስታውሰዋል? አሁን አንቀጽ 14 ስለ ቅጣት ነው። ደንቡ በሦስት ቀን ውስጥ ይፈጸም የሚለው ለሐዘንተኛው የሚከፈለው ገንዘብ መሆኑ ቀርቶ የቀሪ አባል ቅጣት ሆነ ማለት ነው። ሰላም በሆነበት ጊዜ ማንም አያየውም፤ ሁሉም ሰው ሐሳቡን ያውቀዋል። ጠብ የተነሳ ቀንና ነገሩ ፍርድ ቤት የደረሰ ቀን ግን የሚነበበው የተጻፈው ነው።

ለዚህ በሽታ መድኃኒቱ ኮምፒውተሩ ውስጥ ከተቀመጠ ቆይቷል። ማይክሮሶፍት ዎርድ ላይ «መልቲሌቭል ሊስት» የምትል ምልክት አለች። እሷን ተጭናችሁ «ዲፋይን ኒው መልቲሌቭል ሊስት» ውስጥ ስትገቡ እስከ ዘጠኝ ደረጃ ድረስ የቁጥር አወጣጥ መወሰን ትችላላችሁ። «ሞር» የሚለውን ስትከፍቱ ደግሞ እያንዳንዱን ደረጃ ከአንድ ስታይል ጋር የምታስሩበት ቦታ ይመጣል፤ አንደኛውን ደረጃ ከ«ሄዲንግ 1»፣ ሁለተኛውን ከ«ሄዲንግ 2»፣ እንዲህ እያሉ። ከቁጥሩ ፊት «አንቀጽ» የሚለውን ቃል በአማርኛ ብትጽፉበት ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ «አንቀጽ 1»፣ «አንቀጽ 2» እያለ ራሱ ይቆጥራል። መሀል ላይ አዲስ ሲገባ የታችኛው ሁሉ ይገፋል።

ስታይል ማለት ለጽሑፉ የምትሰጡት ማዕረግ ነው። «ይሄ የአንቀጽ ርእስ ነው፣ ይሄ ንዑስ አንቀጽ ነው» ትሉታላችሁ፤ ቁጥሩን፣ ውፍረቱን፣ ከዳር የሚርቀውን ርቀት እሱ ይጨርሰዋል። ብዙ ሰው የሚያውቀው ግን ከላይ ያለችውን የ1፣ 2፣ 3 ምልክት ብቻ ነው። እሷ ለግማሽ ገጽ ዝርዝር ትበቃለች። ለ40 ገጽ ሰነድ ግን ታምሳለች፤ አንዴ ከ1 ጀምር ስትላት ከ17 ትቀጥላለች፣ አንዴ ንዑሱን ከዋናው እኩል ታሰልፋለች። ሰው በዚህ ይማረርና «አውቶማቲክ ቁጥር አልወድም» ብሎ ወደ እጅ ይመለሳል። እውነቱን ለመናገር አይፈረድበትም።

«በአንቀጽ 14» ለሚለው ጥቆማም መላ አለው። ቁጥሩን በመጻፍ ፋንታ «ሪፈረንስስ» ውስጥ ገብቶ «ክሮስ ሪፈረንስ» ማስገባት ነው። መጨረሻ ላይ ኮንትሮልና ኤ፣ ከዚያ ኤፍ 9 ሲጫኑ ጥቆማው ሁሉ አዲሱን ቁጥር ይይዛል። ማውጫውም በነጥብ በነጥብ በእጅ መደርደሩ ይቀራል።

ታዲያ ይሄ ሁሉ እያለ ለምን አንጠቀምበትም? ያው ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ መልሱን የምፈልገው ዋጋው ላይ ነው። ጽሕፈት ቤት የሚከፈለው በገጽ ነው፤ ለእርማት ደግሞ ለብቻ። ስታይል የምታውቅ ልጅ የአንቀጽ ማስገባቱን ሥራ በሁለት ደቂቃ ትጨርሳለች፤ ደንበኛው ግን «ለሁለት ደቂቃ ይሄን ያህል?» ይላል። በእጅ የምትቆጥረዋ አንድ ሰዓት ሙሉ ስትለፋ ስለሚያይ ቅር ሳይለው ይከፍላል። ለእውቀት የማይከፍል ገበያ እውቀት አያመርትም።

ሌላም አለ። ሁለቱ ሰነዶች ሲታተሙ አንድ ናቸው። ወረቀቱ ላይ «አንቀጽ 14» ያው «አንቀጽ 14» ነው፤ ገዢው የቱ በእጅ፣ የቱ በስታይል እንደተሠራ ለይቶ አያውቅም። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ የጻፈው ይህንኑ ነው፤ ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁለቱም አንድ ዋጋ ይሰጣል፣ ጥሩው ሻጭም ይወጣል። እዚህ ግን መለያው ቀላል ነው። ሶፍት ኮፒውን ተቀበሉና ቁጥሩ ላይ ክሊክ አድርጉ። ቁጥሩ ግራጫ ጥላ ከለበሰ ራሱ የሚቆጥር ነው። ከርሰሩ መሀል ገብቶ 1ን ከ4 ከለየ የተገዛው የእጅ ሥራ ነው።

ትምህርት ቤቱም የዋጋውን ያህል ያጠፋል። እኔ በተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ዳታ በሶፍትዌር መተንተን ተምረናል፤ መቶ ገጽ ጽሑፍ እንዴት እንደሚደራጅ ያሳየን ግን አልነበረም። ምዕራፍ ሦስት ላይ አማካሪ «3.2ን አውጥተህ 3.4 አድርገው» ባለ ቁጥር ሌሊቱን ቁጥር ሲያሳድድ የሚያድር ተማሪ ስንት ነው? የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ 3,367 አንቀጾች ያዘጋጁት ሰዎች በታይፕራይተር ዘመን ነበሩ፤ ሌላ አማራጭ አልነበራቸውም። እኛ አለን።

እስካሁን ያልኩት ለቁጥር ነው። አማርኛ ላይ ስንመጣ ግን ጥፋቱ የጸሐፊዋ ብቻ አይደለም። የሕግ አጻጻፋችን ከአንቀጽ ወደ ንዑስ አንቀጽ፣ ከዚያ ወደ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ነው የሚወርደው። ሰው ሲጠራውም «አንቀጽ አምስት፣ ንዑስ አንቀጽ ሁለት፣ ፊደል ሐ» ይላል። ዎርድ ላይ ግን ሦስተኛው ደረጃ ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐን ብትፈልጉ የለም። ዎርድ የሚሠራበት የፋይል ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲጸድቅ የዕብራይስጥ፣ የዓረብኛ፣ የሂንዲ፣ የታይ፣ የሩሲያኛ ፊደላት ተራ ቆጣሪ ሆነው ገብተዋል። የእኛ አልገባም። ፩፣ ፪፣ ፫ም የለም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 ገብቷል፣ ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን የአማርኛ ፎንት ይዞ መጥቷል፤ መጻፍ ተፈቀደልን፣ መቁጠር ግን ተረሳ።

የእኛ አካባቢ ሰው ይህንን ከማንም በላይ ያየዋል። ተጂ የኢሉ ወረዳ ከተማ ናት፤ የመንግሥት ሥራ በኦሮምኛ ነው፣ ሰዉ ደግሞ በሁለቱም ያስጽፋል። አንዷ ልጅ በአንዱ ኮምፒውተር ጠዋት በቁቤ ስትጽፍ ሦስተኛው ደረጃ ላይ የላቲኑ ፊደል ተራ ራሱ ይመጣላታል። ከሰዓት በአማርኛ ስትጽፍ ሀን በጣቷ፣ ለን በጣቷ። መገለጫ ያለው ልዩነት ነው። መገለታ ኦሮሚያ ሕጉን በኦሮምኛ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ነው የሚያትመው፤ በአንዱ ዓምድ አንድ ፊደል ሲጨመር ሦስቱም እኩል መሄድ አለባቸው፣ የአማርኛውን ግን ማሽኑ አይቆጥረውም።

ይቻላል ወይ ላላችሁኝ፣ ድረ ገጽ ላይ ተችሏል። የዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ደረጃ አውጪዎች ባዘጋጁት የቆጣሪዎች ዝርዝር ውስጥ የግዕዝ ቁጥርም፣ የሀ፣ ለ፣ ሐ ተራም አለ፤ ያውም የአማርኛው ከግዕዙ ተለይቶ። የመለየቱ ነገር ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ከሰ ቀጥሎ ሸ ነው ወይስ ቀ? ግዕዙ ሸ የለውም፣ አማርኛው አለው። አንዱ ጸሐፊ ሸን ይዘላል፣ ሌላው ያስገባል። ይህን የሚወስን አንድ ብሔራዊ ደረጃ ቢኖር ለሶፍትዌር አምራቾቹ «ይኸው ተራችን» ብሎ መስጠት ይቻላል። ለኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት የሚከብድ ሥራ አይመስለኝም።

እስከዚያው እኔ የምመክረው ይኸ ነው። አንቀጽና ንዑስ አንቀጹን በመልቲሌቭል ሊስት አስሩት። ለፊደሉ «ፊደል ተራ» ብላችሁ የራሱን ስታይል ክፈቱለት፤ ሀውን በእጅ ብትጽፉም አሰላለፉ ይጠበቃል፣ አንድ ቦታ ሲቀየር ሁሉም ይቀየራል። ጥቆማ የሚደረግበትን ፊደል «ቡክማርክ» አድርጉት። ግማሽ መፍትሔ ነው፣ አውቃለሁ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ግን 1.1.1 ስለሚበቃ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም።

ስለ ስታይል አንድ የማይነገር ነገር ልጨምር። ሰበታ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት፣ መርሐ ዕውራን፣ ያለባት ከተማ ናት። ዓይነ ስውር አንባቢ ኮምፒውተር ላይ ሰነድ የሚያነበው በስክሪን ሪደር ነው። ሰነዱ በሄዲንግ ስታይል ከተሠራ ከርእስ ወደ ርእስ እየዘለለ አንቀጽ 14ን በሰከንድ ያገኘዋል። ርእሱ በእጅ ተቆጥሮ በቦልድ ብቻ ከደመቀ ግን ለማሽኑ ያው ተራ መስመር ነው፤ 33ቱን አንቀጾች ከላይ ጀምሮ ማድመጥ ሊኖርበት ነው። ለዓይናማው ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ናቸው ብዬ ነበር። ለእሱ አንድ አይደሉም።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ሸገር ከተማ ውስጥ ከገቡ ወዲህ የአስተዳደሩ ስምና አድራሻ ተቀይሯል፤ ይህ ደግሞ ደንብ ውስጥም ይገባል። ደንብ ልታሻሽሉ ያሰባችሁ እድሮችና ማኅበራት ካላችሁ፣ ለጽሕፈት ቤቷ ልጅ ከገጹ ዋጋ ላይ ጥቂት ጨምሩና «በስታይል ሥሪልን፣ ሶፍት ኮፒውንም ስጪን» በሏት። ሞዴል ደንብ የምታድሉ መሥሪያ ቤቶችም ወረቀቱን ከመስጠት ቁጥሩ የታሰረ ፋይል ብትሰጡ ሥራው አንዴ ተሠርቶ ለሁሉም ይበቃል።